አንድ ማንኪያ ዘይት በአንድ ጥማድ ውኃ ላይ

በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ከተማ በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት ውኃ ላይ መፍሰሱን ለዓለም ሕዝብ በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ጊዜው የጦርነት ስለሆነ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አልታወጀም።

ወሩ ነሐሴ ነው። መንገድ ተዘግቷል፣ ስልክና መብራት የለም፤ ከተማዋን ማን እንደያዛት የምናውቀው ጠዋት በር ላይ ከሚያልፈው ሰው የደንብ ልብስ ነበር። እንዲህ ግራ እንደተጋባሁ ስዞር ፀዳለን አገኘኋት። ዩኒቨርሲቲዋ የተዘጋባት የፊዚክስ ተማሪ ናት። የአቶ አዳነ ማሳ ዳር ቆማለች። ጦር ሲያልፍ የአቶ አዳነ በሬዎችም አብረው ስላለፉ ማሳው ሳይታረስ ቀርቶ የዝናብ ውኃ ተኝቶበታል።

ባለማሳውም መጡ። ጋቢያቸው ሥር ትንሽ ጠርሙስ ይዘዋል፤ ቤት ስለሚፈተሽ ዘይታቸው አብሯቸው ይውላል።

«ጋሼ አዳነ፣ አንዲት ጠብታ ቢሰጡኝ?»

«ለምንሽ?»

«ውኃው ላይ ልጥላት። ዘይት በውኃ ላይ ሲሰፋ ሲሰፋ ውፍረቱ የአንድ ሞለኪውል ብቻ እስኪሆን ይሳሳል። ሞለኪውል ማለት ዘይት ዘይትነቱን ሳይለቅ የሚደርስበት ትንሹ ቅንጣት ነው። መጠኑን በሸፈነው ስፋት ካካፈልነው፣ የቅንጣቷን ቁመት እናገኛለን።»

«ቅንጣቷ ትታያለች?»

«አትታይም።»

«የማይታየውን ልትለኪ የሚታየውን ልትደፊብኝ ነዋ። የወባ ትንኝ ይገድላል?»

«እንዲህ ሳስቶማ አይገድልም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?»

«ለማወቅ።»

አቶ አዳነ ወደ እኔ ዞሩ። የተማርኩ ሰው ነኝና ራሴን ነቀነቅሁ።

«ይኼ የሞገስ ነው» አሉ ጠርሙሱን ጠበቅ አድርገው። ሞገስ ልጃቸው ነው፤ ስልክ ሳይቋረጥ ወደ ወልዲያ እንደወጣ ወሬው ጠፋ። ባለቤታቸው አስካለ የቀረችውን አንድ ማንኪያ ዘይት እሱ ሲመጣ ወጥ ልትሠራበት አስቀምጣለች። እነሱ ሽሯቸውን በውኃና በጨው ነው የሚበሉት።

ፀዳለ አንገቷን ደፋች። ቆይታ ግን፣ «ማሳው ስንት ነው?» አለች።

«አንድ ጥማድ። በጥንድ በሬ በአንድ ቀን አርሼው እገባ ነበር።»

«ሩብ ሄክታር ማለት ነው። አንድ ማንኪያ ዘይት ይኼን ሁሉ ይሸፍናል።»

«በማን በሬ?»

«እ?»

«ሩብ ሄክታር ያልሽው በማን በሬ ነው? የእኔዎቹ ብርቱዎች ነበሩ። የጎረቤቴ የውባለም ባል በሬዎች የዚህን ግማሽ ነው በቀን የሚያርሱት። የእኔ ጥማድ ከሰፋ ቅንጣቷ ልትቀጥን ነው?»

ፀዳለ አሰበች። «በስሌቱ አዎ። ቅንጣቷ ግን በሬ አታውቅም። ለዚህ ነው በሜትር የምንለካው።»

እኔ ልረዳ ገባሁ። ሜትር መቶ ሴንቲ ነው ብዬ ሁለት ሺህ አምስት መቶውን ካሬ ሜትር በመቶ አባዛሁ።

«ካሬ ነው እኮ» አለችኝ፤ «በቁመትም መቶ፣ በወርድም መቶ። ሃያ አምስት ሚሊዮን ካሬ ሴንቲ ይሆናል። ማንኪያው አምስት ሲሲ ይይዛል። አምስትን ለዚያ ሲያካፍሉት የቅንጣቷ ቁመት የሚሊሜትር ሁለት ሚሊዮንኛ ይመጣል።»

በአንድ ጊዜ መቶ እጥፍ ተሳስቼ ስለማላውቅ ስሌቱን ለእሷ ተውኩላት። አቶ አዳነ ውኃውን አዩ። ነፋሱ ያንቀጠቅጠዋል።

«አይታይም ብለሻል። ግን አለ?»

«አለ። እዚያ ማዶ ዳር ድረስ አለ።»

«ከዚያም በላይ እየሳሳ፣ እየሳሳ ቢሄድስ?»

«ከዚያ በታች መሳሳት የለም ጋሼ። ወይ አለ፣ ወይ የለም።»

ጠርሙሱን ከፈቱ። ጠብታ ስንጠብቅ እስከ መጨረሻው ደፉት። ዘይቱ ሸሸ፤ የሚንቀጠቀጠው ውኃ ከእግራችን ሥር ጀምሮ እስከ ማዶ ዳር ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ሙከራ ጥቅም ግልጽ ነው፦ በበሬ መለካት ይቀራል፤ ካሬ ሲቀየር በመቶ ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ ከዓይን የራቀ ሁሉ ጠፋ አይባልም። ለአስካለ ማን እንደሚነግር ግን ሳይንስ ገና አልደረሰበትም።

«እኔ እኮ ጠብታ ነው የጠየቅሁት» አለች ፀዳለ ቀስ ብላ። «የሞገስን ሁሉንም ለምን አፈሰሱት?»

አቶ አዳነ ባዶውን ጠርሙስ ከድነው ጋቢያቸው ሥር መለሱት።

«አልናገርም» አሉ፣ ዓይናቸውን ጸጥ ካለው ውኃ ወደ ወልዲያ መንገድ እያዞሩ።