ጀልባ ላይ ለቄስ አይነሡም

በእኛ ጊዜ ላሊበላ ላይ ውኃ ይቀዱታል እንጂ አይሳፈሩበትም ነበር። እኔ ጀልባ ያየሁት ከሸበትሁ ወዲህ ነው። አንቺ ግን እሑድ ልጅሽን ይዘሽ ሐይቅ ላይ በጀልባ ልትንሸራሸሪ ነው አሉ፣ በሥጋት እንቅልፍም አጥተሻል አሉ። ስሚኝ ታዲያ፣ ስሚና ጻፊው።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንግዳ በበቅሎ ወደ አሸተን ተራራ ሳወጣ ነው የኖርሁት። እና የማኅበራችን ሰዎች ሐይቅ እንሂድ፣ በጀልባም እንንሸራሸር ሲሉ፣ «ሞላ፣ ዝግጅቱን አንተ ያዘው፣ ጭነት ታውቃለህ» አሉኝ። እሺ አልሁ። ባለቤቴ ጥሩዬ ግን፣ «እኔ አልገባም!» አለች።

«ምንም አትሆኚም፣ እኔ አለሁ» አልኋት።

«ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ አለሁ የምትለኝ የት ሆነህ ነው? ከታች?»

ብቻ ማልሁላት፣ ደኅና ወስጄ ደኅና እመልስሻለሁ ብዬ። ከማልሁ በኋላ ፍርሃቱ ወደ እኔ ዞረ! እና መጫኛ ይዤ ሄድሁ። መጫኛ መቼም ታውቂያለሽ፣ ጭነት የምናስርበት ጠፍር ነው።

ሐይቅ ደረስን። ባለጀልባው ሰይድ የሚባል ቀጭን ልጅ ነው፣ ያን ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ብርቱካንማ ጃኬት ለሁላችን አደለን። ጥሩዬ ጃኬቱን ለበሰችና ጋቢዋን ከላዩ ደረበች።

«እናቴ፣ ጋቢውን ያውልቁት» አላት ሰይድ፣ «ውኃ ከጠጣ ድንጋይ ነው።»

«ብርድ ቢመታኝስ?»

«አብሽሩ፣ ብርዱ ይሻላል።»

አወለቀች። ታዲያ ተቀመጥንና እኔ መጫኛዬን አወጣሁ፣ ጥሩዬን ወገቧን ይዤ ከመቀመጫው ጋር ጥፍር አድርጌ አሰርኋት! ሰይድ አየኝ።

«አባቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንዳትወድቅ ነዋ!»

«ጀልባው ቢገለበጥስ?»

በቅሎ ስትወድቅ ጭነቱም አብሯት ነው የሚወድቀው፣ እኔ ነኝ ይሄን የማላውቅ? ግን አላሰብሁትም።

«ወላሂ ካልፈቷቸው አልንቀሳቀስም!» አለ። ፈታኋት። ጥሩዬ ታዲያ፣ «እሰይ! አርባ ዓመት ታስሬ ገና ዛሬ ተፈታሁ!» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ሰይድ እየዞረ የያንዳንዳችንን ማሰሪያ ሳበ፣ ቆጠረን። «ነፋስ ሳይነሣ እንመለሳለን። ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሣ!» አለ።

«እሺ!» አልን።

«ማንም!»

«እሺ አልንህ እኮ!»

ይሄን ብለን ሳንጨርስ፣ ዳር ላይ ጸሎት ያደርሱ የነበሩት የነፍስ አባታችን አባ ተክሌ መጡ። ጃኬታቸውን ለብሰዋል፣ መስቀላቸውን ይዘዋል። አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ ሲያሳርፉ፣ «ኖር!» ብለን ሁላችንም ብድግ! እና መነሣት ብቻ ቢሆን ምን ነበር፣ መስቀል ልንሳለም ሁላችንም ወደ እሳቸው! አሥራ ሁለት ሰው ባንድ ጎን! ጭነት ሲያጋድል ዓይኔ እያየ፣ እኔም ጭነቱ ውስጥ ነኝ፣ ገባሽ? ጀልባው ዘመም አለ፣ ውኃው ጧ ብሎ ገባ። ጥሩዬ ክንዴን አንቃ፣ «ሞላ! አለሁ ያልኸው!» ትላለች።

«ቁጭ በሉ!» ይላል ሰይድ። ማን ይቀመጣል? አባ ቆመው!

ጨነቀው። «አባ! በፈጠረዎ ይቀመጡ! እርስዎ ካልተቀመጡ እነዚህ ሰምጠውም አይቀመጡ!»

አባ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። አንድ እግራቸው ጀልባው ላይ፣ አንዱ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ፣ የት ይቀመጡ? «በስመ አብ» አሉና ውኃው ላይ ቁጭ!

እኛም ባንድ ጊዜ ቁጭ አልን። ጀልባው ቀጥ አለ። አባ ደግሞ ጃኬታቸው እንደ ቅል አንሳፍፏቸው፣ መስቀላቸውን ወደ ላይ እንደያዙ፣ «ተቀመጡ ልጆቼ፣ ግድ የለም፣ ተቀመጡ» ይላሉ!

ታዲያ ሰይድ አወጣቸው፣ ውኃውን በጣሳ ጨለፍን፣ ሁላችንም ወረድን። በሁለተኛው ጊዜ አባን ከሁሉ በፊት አስገብተን አስቀመጥናቸው፣ ሌላው ተከተለ፣ ለማን ይነሣል? ሰላም ሄድን፣ ሰላም ተመለስን። ጥሩዬ፣ «አንድ ጊዜ ድገመን» ብላ አልወርድ አለች።

አንቺም ልጅሽን በልኳ የሆነ ጃኬት አልብሻት፣ ትከሻው ላይ ያዢና ወደ ላይ ሳቢው፣ ጆሮዋ ድረስ ከወጣ ትልቅ ነው፣ ሌላ አምጡ በይ። ካንቺ ጋርም አትሰሪያት። ነፋስ ካለ ቅሪ፣ ሐይቁ የትም አይሄድ። ዋናው ግን ቄሱ ነው፣ ቄስ ካለ ከሁሉ በፊት ይግቡ!

ሽማግሌው ይሄን ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አባባ ሞላ» አልኋቸው፣ «የልጄ አያት፣ የባለቤቴ አባት፣ ቄስ ናቸው እኮ። እሑድ አብረውን ነው የሚሄዱት። ደግሞ ሰው ሁሉ ካልቀደመ እሳቸው አይገቡም።»

ሳቃቸው ቀጥ አለ።

«በይ ከዘራዬን አቀብይኝ» አሉ፣ «ዛሬውኑ አናግራቸዋለሁ።»