ለለቅሶ የሚሆን መነጽር

«እንዴት ዋልሽ፣ ሳቢራዬ? ቤት እንዴት ነው? ልጆቹስ? … እኛማ ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን። ፀሐዩ ብቻ ነው ያስቸገረን። የዘንድሮ ጥር ምን ነካው፣ እቴ? ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ስመጣ ዓይኔ ሊፈስ! … እስቲ ጠጋ በይና መነጽርሽን አሳይኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? መነጽርን ደግሞ ከሳቢራ። ውድ አልፈልግም፤ ርካሽ ይሁን፣ ግን ደግሞ ያማረ ይሁን። የድሃ ምርጫ እንዲህ ነው፤ ሁለቱንም ይፈልጋል።»

ስመኘው ይህን ድምፅ ሲሰማ ከተቀመጠበት በርጩማ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ያምሮት ናት። ከሰው ሁሉ፣ ከገበያተኛው ሁሉ፣ ያምሮት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ ሰፊው መሐመድአወልና ሚስቱ ሳቢራ አንዲት በረንዳ ይጋራሉ። እሱ በአንዱ ጥግ የስፌት መኪናውን ያንቀጫቅጫል፤ እሷ በሌላው ጥግ የፀሐይ መነጽር በሰሌዳ ላይ ሰክታ ትሸጣለች። በመካከላቸው በአበባማ መጋረጃ የተከለለች፣ ደንበኛ ልብስ የሚለካባት ጠባብ ቦታ አለች። ስመኘው ያለው እዚያች ውስጥ ነው። ያለችው ደህና ሱሪ አንዲት ናት፤ እሷኑ ለብሶ መጥቶ፣ እግሯ ስለረዘመበት አውልቆ ለመሐመድአወል ሰጠ። አሁን ከወገቡ በታች የሰውየውን ጋቢ አገልድሞ ይጠብቃል።

ሱሪዋ የምታጥረው ለነገ ነው። ነገ እሑድ ሽማግሎቹ ሕሊናን ለትዳር ሊጠይቁለት ወደ ያምሮት ቤት ይመለሳሉ። ምናልባት «እስቲ ልጁን እንየው» ቢባልስ? ለሁለት ዓመት ያሰባት ልጅ ናት፤ በአንድ ሱሪ እግር ምክንያት ሊያጣት አይፈልግም። ቅድም ታዲያ የልጅቷ አክስት ከአስፋልቱ ማዶ ስትመጣ በመጋረጃው ክፍተት አያት። ነገ አማት በምትሆን ሴት ፊት በጋቢ ተገልድሞ መቆም ምን ሊባል ነው? ታልፋለች ብሎ መጋረጃውን ስብ አደረገና ዘጋ። ያደረገው ይህንኑ ብቻ ነው።

«ለእኔማ አይደለም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጥቁር መነጽር ባደርግ የሰፈሩ ውሻ ያባርረኛል። ለሕሊና ነው፣ ለወንድሜ ልጅ። አባቷ ባዬ ካረፈ ወዲህ … አንቺም ለቅሶው ላይ መጥተሽ ነበር፣ አላህ ይስጥሽ … ዓይኗ ፀሐይ አልችል አለ። አርባ ቀን ያለቀሰ ዓይን ምን ይቻለዋል? የጤና ጣቢያዋ ልጅ ‹የፀሐይ መነጽር ግዙላት› አለችን። እኔም ገረመኝ። ለካስ መነጽር ያለቀሰ ሰው የሚያደርገው ነገር ኖሯል! እስከ ዛሬ … ላላለቀሰ ሰው የተሠራ ነበር የሚመስለኝ።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀነስ አለ። መሐመድአወል ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋ ሰውም ቢሆን ግን ጆሮ አለው።

«ይሄ ትልልቁ? … ፊቷን ግማሽ ይበላዋል። ቢጫውስ? … ተይው፣ እሱ የባጃጅ ነጂ ነው፤ ልጅቷን ‹ስንት ሰው ትጭኛለሽ› ሊሏት ነው። ይሄኛውስ? … ወይ ጉድ! ፊት ያሳያል እንዴ? ራሴን አየሁት! ሻሼ ተጣሟል፣ ዝም ትይኛለሽ? … ይህን ዓይነቱንማ አውቀዋለሁ። አንድ ትልቅ ሰው አድርገውት አይቻለሁ። ስማቸውን ምን ያደርግልሻል? የቢሮ ሰው ናቸው። አንቱ ካላልኋቸው መነጽሩ ይቀየመኛል።

«በባዬ ለቅሶ ቀን ነው። እኛ ፊታችንን ነጭተን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ አመድ መስለን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል … ከች አሉ። እንዴት አማረባቸው መሰለሽ! ሸሚዙ የተተኮሰ፣ መነጽሩ የሚያብለጨልጭ። ጥጉ ላይ ያቺ ክብ ወረቀት … ይቺውና፣ እንዲህ የተለጠፈችዋ … ገና አልተነሣችም። ለምን ትነሣ? አዲስ መሆኑ በምን ይታወቅ? ሟቹም ቢሆን በአሮጌ መነጽር ቢለቀስለት ደስ አይለው።»

ስመኘው እጁን ወደ ሸሚዝ ኪሱ ሰደደ። መነጽሩ አለ። ወረቀቷም አለች። በጥፍሩ ሊልጣት ታገለ፤ ግማሿ ተላጠች፣ ግማሿ እምቢ አለች። በዚያ የለቅሶ ቀን ማለዳ ከዚህችው ከሳቢራ ሰሌዳ ላይ የገዛው ነው። ለምን ገዛህ ቢሉት አንደኛው ምክንያት አያሳፍርም፤ ሰው ፊት እንባ አይመጣለትም። እናቱን ሲቀብር ደረቅ ዓይኑን ያዩ ሰዎች «ልቡ ድንጋይ ነው» ብለውታል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ያሳፍራል፤ ለራሱም ጮክ ብሎ ነግሮት አያውቅም። ሕሊና እንድታየው ነበር። በአባቷ ለቅሶ ላይ አምሮበት ሊታያት ፈልጎ ነበር። ይህን ሲያስብ ጆሮው ድረስ ጋለ፤ ደረቅ ሳልም አመለጠው።

«ማን ነው የሳለው? … ግድግዳው ነው? ድሮ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ስንት ነበር። ዛሬ የቀረው የሚስል ብቻ ነው። … ምን እያልሁሽ ነበር? እ፣ መነጽሩ። ከፊቴ ተቀመጡ። ‹ወንድሜ፣ ወንድሜ› እያልሁ ቀና ስል መነጽራቸው ላይ አንዲት ሴት ፊቷ ተልጦ ታለቅሳለች። ‹ምስኪን፣ ማናት ይቺ?› ብዬ ሳይ … እኔው ነኝ! የሳቸው ለቅሶ እንዲያ ነው። የኛ እንባ በሳቸው መነጽር ላይ ይወርዳል፤ የሳቸው ጉንጭ ደረቅ ነው። ሥልጣኔ እኮ ነው፣ እቴ! እኛ በገዛ እንባችን ስንለቀለቅ፣ እሳቸው በሰው እንባ አልቅሰው ሸሚዛቸው ሳይረጥብ ተመለሱ። ማልቀስ ለፈለገ ጢስም ሰበብ ይሆነዋል ይላሉ አሮጊቶች። አሮጊት ምን ታውቃለች? ጢስ እኮ ሸሚዝ ያጠቁራል።

«ኋላ ደግሞ … ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ … መነጽሩ ዞር አለ። እኔ ከውስጡ ወጣሁ። ማን ገባ መሰለሽ? … ሕሊና። ከዚያ ወዲያማ አልዞረም፤ አስከሬኑ እስኪነሣ ድረስ እሷው ውስጥ ነበረች። ምን ያለ አዛኝ ነው! ሟቹ በዚያ፣ ቄሶቹ በዚህ፤ መነጽሩ ያዘነው ግን ለልጅቷ። ሞኝ ነው እንጂ መነጽር፤ ዓይንን ይሸፍናል፣ ዓይን የሚያየውን ግን ለአገር ያሳያል።

«አንዳንዱ ‹ዓይን አውጣ› ይላቸዋል። በስመ አብ! ሐሰት ነው። እኔ ምስክር ነኝ፤ ዓይናቸውን አላወጡም። እንዲያውም … ዓይን ይኑራቸው አይኑራቸው ያወቀ የለም። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባላል። ሲያዩት ያማረውስ? … እሱንማ ያልቀመሰ ምን ያውቃል።»

ስመኘው ጆሮውን በጋቢው ሊሸፍን አሰበ። ግን ጋቢው አንድ ነው፤ ጆሮውን ቢሸፍን ሌላው ይገለጣል። ተቀምጦ መስማት ነው ያለው።

«ደግሞ ፍጥነታቸው! የአርባው ጠላ ጋን ሳይታጠብ ነው ሽማግሌ የላኩት። አተላው ገና ከሥሩ አለ፤ ሽማግሎቹ እዚያው አጠገቡ ቁጭ አሉ። ‹ሰርጉ ከሙት ዓመቱ በኋላ ነው› ይላሉ። ይኼስ ደግ ነው፣ ሙት ዓመቱንም አስበውልናል። እኛም ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ አልን። ይኸው ጥምቀት አለፈ፤ ነገ ይመጣሉ። መልሱ የሚወጣው ከእኔ አፍ ነው። እናቷ የለች፣ አባቷም ሄደ … ያሳደግኋት እኔ ነኝ።»

ከዚህ በኋላ የያምሮት ድምፅ ለዘብ አለ። ስመኘው ይህን ለዘብታ ከአሽሙሩ ይበልጥ ፈራው።

«ውሸት ለምኔ፣ ሳቢራ … ልጅቷ ትወደዋለች። ‹አክስቴ፣ አታውቂውም፤ ሰው ፊት ማልቀስ አይሆንለትም፤ እናቱ የሞተች ጊዜ በሦስተኛው ቀን ጋጣ ውስጥ ብቻውን ሲያለቅስ ሰምተውታል› ትለኛለች። ይሁን። እንዲህም ተደርጎ ይፈጠራል ሰው። እኔም በጥምቀት ዕለት ታቦቱ ሲያልፍ ተሳልሁ። ምን ብዬ? ‹ይህ ልጅ ከእሑድ በፊት አንድ ቀን አግኝቶኝ፣ በባዶ ዓይኑ አይቶኝ፣ እንዴት ዋሉ ካለኝ … አበቃ። ለቅሶውንም፣ መነጽሩንም፣ አርባውንም እረሳለሁ፤ እመርቃለሁ።› ብዙ ነው የጠየቅሁት? ርካሽ ነገር ነው እኮ … ግን ደግሞ ያማረ።

«ዛሬ ስወጣ፣ ገበያ አይደል፣ እንገናኝ ይሆናል አልሁ። … እውነትም አንድ ነገር አየሁ። ገና አስፋልቱን ስሻገር፣ ነፋስ እንኳ አልነበረ … ከዚህ በረንዳ ላይ አንድ መጋረጃ ስርር ብሎ ተዘጋ። መጋረጃችሁ ሰው ያውቃል እንዴ? … መሐመድአወል፣ ወንድሜ፣ ያ ሱሪ የማን ነው? … ተወው፣ አትንገረኝ። አሳጥረው። ረጅም እግር ለሚሸሽ ሰው ነው፤ ለሚደበቅ አጭርም ይበቃዋል።»

መኪናው ጭራሽ ቆመ። ያምሮት ወሬዋን ትታ መነጽር ትመራርጣለች። ጊዜ እየሰጠችው ነው። ስመኘው ገብቶታል፤ አንድ እርምጃና አንድ «እንዴት ዋሉ» ነው። ሱሪ የለኝም ብሎ ሚስት ሊያጣ ነው? ተነሣ። ጋቢውን አጠበቀ። እጁን መጋረጃው ላይ አሳረፈ።

ያኔ ባዬ ትዝ አለው። ባለፈው ክረምት ስመኘው ከቡሬ ሲመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘውና፣ ባዬ የራሱን ገሳ አውልቆ አለበሰው፤ እሱ ራሱ እስከ ቤቱ እየበሰበሰ ሄደ። «ያንተ ልብስ የቢሮ ነው፣ የእኔ ይደርቃል» ብሎ ስቆ ነበር። ለዚህ ሰው ነው መነጽር ገዝቶ የሄደው። በለቅሶው ቀን እምቢ ያለው እንባ አሁን፣ በልብስ ሰፊ መጋረጃ ውስጥ፣ ሳይጠራ መጣ። ጉንጩን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ዓይኑን ግን መጥረግ አልቻለም፤ በጠረገው ቁጥር ይሞላል። ውጭ ያለው ገበያተኛ ሁሉ ነው። እጁ ሳያዝዘው ወደ ሸሚዝ ኪሱ ገባ።

በባዶ እግሩ፣ ጋቢ ያገለደመ፣ ግማሽ ወረቀት የተለጠፈበት መነጽር ያደረገ ሰው ከመጋረጃው ወጣ።

መነጽሩ ደህና መነጽር ነበር፤ ከበስተኋላው ያለውን ምንም አላሳየም። ስመኘው «እንዴት ዋሉ» ሊል አፉን ከፈተ። ድምፁ ከእንባው ጋር ተያይዞ ሊወጣ ሲሆን መልሶ ዘጋው። እጁን ወደ መነጽሩ አነሣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ሳቢራ አየችው፣ መሐመድአወል አየው፣ ሦስት ሽንኩርት ተሸካሚዎችም ቆመው አዩት። እጁ ተመልሶ ጋቢውን ያዘ።

ያምሮት ጠጋ አለች። መስታወቱ ላይ የገዛ ፊቷን አገኘች፤ ትንሽ አየችውና የተጣመመ ሻሿን እዚያው አስተካከለች። ከዚያ ወደ ሳቢራ ዞረች።

«ይህን ቡናማውን ስጪኝ። ዓይኗ ከውጭ ይታያል፤ እሷ የምትደብቀው የላትም። … እንኪ። በይ ደህና ዋይ፣ ሳቢራዬ፣ ገበያሽን ይባርክልሽ። እኒያንም ሰው ይባርካቸው፣ ክፉ አልመኝላቸውም። ሽማግሎቻቸው ነገ በከንቱ እግራቸውን እንዳያደክሙ ልቡና ይስጣቸው። ለሳቸውም መልካም ሴት፣ ቆንጆ፣ አባቷ የማይሞትባት … እሳቸውን ከማያውቅ አገር ይስጣቸው። ዕድሜ ልካቸውን ክፉ አይዩ። እግዜር እንባ አያሳያቸው። … አሜን በይ እንጂ።»