በሩሀማ ስም ያልተቀመጠው ገንዘብ

ሐዋሳ ከተማ፣ የወንጀል ምርመራ ክፍል
የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ፊልሞን ሹራሞ ሀጢሶ
ዕድሜ፦ 43 ዓመት
ሥራ፦ ጎሚስታ
አድራሻ፦ ሐዋሳ ከተማ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ
ከተጠርጣሪው ጋር ያለው ዝምድና፦ የተጠርጣሪው ሚስት ወንድም
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ጀምሮ
ቃሉን የተቀበሉት፦ ም/ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት ዳንጊሶ

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር፣ በአቶ ኩማ ዱካሞ ላይ በቀረበው ንብረት የመደበቅ አቤቱታ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅም ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የምሠራው ወደ ታቦር በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለች የራሴ ጎማ ቤት ነው። ተጠርጣሪው አቶ ኩማ የታናሽ እህቴ የወ/ሮ ታቢታ ሹራሞ ባል ሲሆን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይነግድ ነበር። ሩሀማ የምትባል ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ አለቻቸው። ሩሀማ ስትወለድ አየር አጥሯት ስለነበር እጅና እግሯን እንደ ልቧ አታዝም፤ ቃልም አትናገርም። የሚነገራትን ግን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታልም። ወደ ጎማ ቤት ይዘዋት ሲመጡ ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ በሳቅ ትፈርሳለች። ይህን የተናገርኩት ልጅቷ ምን ዓይነት እንደሆነች ተጠይቄ ነው።

በ2015 ዓ.ም. አብረን የምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን ለሩሀማ ሕክምናና እንክብካቤ ገንዘብ አሰባሰበ። እኔ የኮሚቴው አባል ነበርኩ። ብዙ ሰው ሰጠ። ከሰጡት አንዷ የሲሚንቶ አከፋፋይዋ ወ/ሮ ደስታነሽ ናቸው፤ ዛሬ አቤቱታ ያቀረቡትም እሳቸው ናቸው። በእኛ ዘንድ ለአንድ ቤት እርዳታ ሲሰጥ የአባወራው ስም ተጠርቶ በጉባኤ ፊት በእጁ ይሰጣል። ያን ዕለትም "ለወንድም ኩማ ቤት" ተብሎ ተጠራና ኩማ ወጥቶ ተቀበለ። ሩሀማ በእናቷ ጭን ላይ ሆና ታይ ነበር። ጉባኤው አጨበጨበ፤ ኮሚቴ ነኝ ብዬ ከሁሉ ይልቅ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ኩማ ገንዘቡን በራሱ ስም በተከፈተ ሂሳብ አስቀመጠ። ከዚያ ላይ ሳያት ለምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያና ልጅቷን ለምትይዝ ሠራተኛ በየወሩ ይከፍል ነበር። በዚህ በኩል ኩማን የሚያማው ሰው አልነበረም። ለንግዱ ቸግሮት እንኳ ሲነካው አላየሁም።

ባለፈው ዓመት አንድ ሥራ ተቋራጭ ብዙ ዕቃ በዱቤ ወስዶ ጠፋበት። ኩማ ደግሞ በተራው ዕቃውን በዱቤ የወሰደው ከወ/ሮ ደስታነሽ ስለነበር መክፈል አቃተው። በጥር ወር ታቢታ ጎማ ቤት ድረስ መጥታ፣ "ወንድሜ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ የኩማን ሂሳብ ያግዱታል። የልጄን ከዚያ ውስጥ አውጣልኝ" አለችኝ። እያለቀሰች ስለነበር ደንበኞች እንዳያዩዋት ወደ ውስጥ አስገባኋት። በዚያው ሳምንት ከተሰበሰበው የቀረው 240 ሺህ ብር በኩማ ፊርማ ከሂሳቡ ወደ እኔ ሂሳብ ተዛወረ። ወንጀል እሠራለሁ ብዬ አላሰብኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። በዘመድ ዘንድ ለቁም ነገር ተፈልጌ አላውቅም፤ የሚያስታውሱኝ ጎማ ሲተነፍስባቸው ነው።

በየካቲት ወር ፍርድ ቤት የኩማን መክሰር አውጆ ንብረቱን የሚረከብ ሰው ሾመ። ሱቁም ታሸገ። ከዚያ በኋላ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ሰሞን፣ ሕዝቡ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ይጎርፍ ስለነበር መኪና በማያልፍበት ቀን፣ ኩማ በእግሩ ወደ እኔ መጣ። በፌስታል የተጠቀለለ 90 ሺህ ብር አውጥቶ በአሮጌ ጎማ ውስጥ አስቀመጠና፣ "ከሩሀማ ጋር አድርግልኝ" አለኝ። ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። ሱቁ ከመታሸጉ በፊት ያወጣው የመጨረሻው ሲሚንቶ ሽያጭ መሆኑን ነገረኝ። "የማን ሲሚንቶ?" ብዬ ብጠይቀው ዞሮ አላፊ አግዳሚውን ማየት ጀመረ። ሲሚንቶው ከወ/ሮ ደስታነሽ የመጣና ያልተከፈለበት መሆኑን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ተቀበልኩ። በማግስቱ ባንክ ሄጄ የልጅቷ ገንዘብ ባለበት ሂሳብ ላይ ጨመርኩት።

ነገሩ እንዴት እንደታወቀ ተጠይቄ፣ የታወቀው ከእኔ አፍ ነው ብዬ መልሻለሁ። መጋቢት 28 ቀን እሑድ በአምልኮ ላይ የምስክርነት ጊዜ ነበር። በዚያ ሰዓት እግዚአብሔር አንድ ነገር ያደረገለት ሰው ማይክ ይዞ በጉባኤ ፊት ይናገራል። እኔ ከዚያ በፊት ተናግሬ አላውቅም። የሌላውን ሰው ምስክርነት ስሰማ ኖሬ፣ ያን ቀን እኔም የምናገረው ነገር አለኝ አልኩ። ማንም አልጠራኝም፤ ማይኩን የጠየቅሁት ራሴ ነኝ። "እግዚአብሔር የአንዲት ልጅን ገንዘብ ከአበዳሪዎች ዓይን ሰውሮ በእኔ በደካማው እጅ አኑሮታል" ብዬ ተናገርኩ። ስም አልጠራሁም። ታቢታ ግን ሩሀማን አቅፋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስለነበር ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር። ጉባኤው አሜን አለ። አሜኑ ሲበረታ ልቤ ሞቀና፣ "ማኖር ብቻ አይደለም፣ ተጨምሮበታል" አልኩ። ታቢታ አንገቷን ደፋች። ወ/ሮ ደስታነሽ ከኋላ በኩል ነበሩ። ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ ከሰው መሐል ይለያል፤ የመጀመሪያውን አሜን ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለተኛውን አላሉም።

አምልኮው ሲያበቃ በር ላይ ጠበቁኝ። "ፊልሞን፣ ለልጅቷ እኔም ሰጥቻለሁ። የሰጠሁትን መልሱልኝ አልልም። የተጨመረው ግን የማን ነው?" አሉኝ። "እትዬ፣ የተጨመረ ነገር የለም፤ በመንፈስ ሆኜ ነው የተናገርኩት" አልኳቸው። "በማይክ ነው የተናገርከው" አሉኝና ባጃጅ ጠርተው ሄዱ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ስለዋሸሁ፣ የዋሸሁትም ለልጅቷ የራሳቸውን እጅ ለዘረጉ ሴት ስለሆነ አፍሬበታለሁ።

ብዙም ሳይቆይ አቤቱታ አቀረቡና በስሜ ያለው ሂሳብ በሙሉ ታገደ። የሩሀማም አብሮ ታገደ። የኔ ጥፋት ከዚህ በላይ የሚታይበት ያለ አይመስለኝም፤ ዘጠናውን ከሁለት መቶ አርባው ጋር ስቀላቅል፣ የልጅቷን ገንዘብ የተሸሸገ ገንዘብ እንዲመስል ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለሠራተኛዋ የሚከፈል ስላልነበረ ሄደች። ሳያት ሁለት ጊዜ በነፃ መጥታ ሠርታላታለች፤ ከዚያ በኋላ ቀረች፤ የምትኖረው በዚያው ሥራ ስለሆነ አልፈርድባትም።

የትንሣኤ ዕለት ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝቼ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ሩሀማ ዓሣ ትወዳለች፤ ሁልጊዜ እሾሁን የምለቅምላትና የማጎርሳት እኔ ነኝ። ታቢታ በሩን ከፍታ ዓሣውን ተቀበለችኝ። ግባ አላለችኝም። "ማንኪያ መያዝ ጀምራ የነበረችበት እጇ ተመልሶ ታጥፏል" አለችኝ። ከውስጥ የሩሀማ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ድምፄን አውቃው ይመስለኛል። ታቢታ በሩን ዘጋችው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ኩማ ጎማ ቤት መጥቶ፣ "ነገ ሲጠይቁህ ሁሉም የሩሀማ ነው በላቸው። ዘጠናው ከወጣ እኔ መታሰሬ ነው። እኔ ከታሰርኩ ልጅቷን ማን ያነሣታል?" አለኝ። የተናገረው ሐሰት አይደለም። ሩሀማ አድጋለች፣ ከብዳለች፤ ታቢታ ብቻዋን ከአልጋ አታወርዳትም። በዚያው ባለ ባጃጅ ጎማ ይዞ መጣና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ኩማ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ቀና ብዬ ስላላየሁት ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ኩማ እንዳለኝ ልናገር አስቤ ነበር። እንዲያውም ተናግሬያለሁ። ቃሌን ከመጀመሬ በፊት መርማሪዋ በሂሳቡ ያለው ገንዘብ ሁሉ የልጅቷ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ አዎ ብያለሁ። የልጅቷ ከሆነ በስሟ ያልተቀመጠው ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። መፈረም ስለማትችል ነው ብዬ መለስኩ። የራሴ ልጆች እንዳሉኝ ጠየቁኝ። ሃሴት የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ አልኩ። ሃሴት የቁጠባ ሂሳብ እንዳላት ተጠየቅሁ።

(በዚህ ቦታ ምስክሩ ውሃ ጠይቋል። ተሰጥቶት ቃሉን ቀጥሏል።)

አላት። ሦስት ወሯ ሳለች በስሟ ከፍቼላታለሁ። እሷ አልፈረመችም፤ አባቷ ስለሆንኩ እኔ ፈረምኩላት። ሰው ስሟን እንኳ በቅጡ ሳይለምድላት ባንኩ ጽፎ ደብተር ሰጣት። ባንኩ ከጎማ ቤቴ ማዶ ነው። የሩሀማን ገንዘብ ወደ ራሴ ያዛወርኩትም በዚያው ባንክ ነው፤ ታቢታ አጠገቤ ቆማ ነበር። በልጅቷ ስም ክፈቱላት ማለት ለእኔም ለእሷም አልመጣልንም። ከዚያ በፊት ለኩማ አልመጣለትም፤ ገንዘቡን ላሰባሰብነው ኮሚቴም አልመጣልንም። የከለከለን ሰው የለም። ሁላችንም እንወዳታለን፣ እናቅፋታለን፣ እናለቅስላታለን፤ የራሷ ነገር ሊኖራት የሚችል ሰው መሆኗ ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ማይክ ይዤ በመናገሬ አፍሬ ነበር። በዚህ ግን ከዚያ ይበልጥ አፍራለሁ፤ ሩሀማ ራሷ ብትሰማው ምን ትል ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ደግሞም ትሰማለች።

ስለዚህ ቃሌን ከመጀመሬ በፊት ሁሉም የልጅቷ ነው ያልኩትን ትቼዋለሁ። ትክክለኛው የሚከተለው ነው። በጥር ወር ወደ ሂሳቤ የተዛወረው 240 ሺህ ብር ቤተ ክርስቲያኑ አሰባስቦ የሰጠው የሩሀማ ኩማ ገንዘብ ነው፤ ከኩማ ንግድ ጋር ግንኙነት የለውም። እስኪታገድ ድረስ ከእሱ ላይ ያወጣሁት ለሳያትና ለሠራተኛዋ የተከፈለውን ብቻ ነው፤ ሁለቱንም መጠየቅ ይቻላል። ኋላ የገባው 90 ሺህ ብር የሩሀማ አይደለም። የወ/ሮ ደስታነሽ ሲሚንቶ ተሸጦ የተገኘ፣ ኩማ አምጥቶልኝ እኔ እያወቅሁ የደበቅሁት ነው።

ይህን በመናገሬ ኩማ ሊታሰር እንደሚችል፣ እኔም በምስክርነት መጥቼ ተጠርጣሪ ልሆን እንደምችል ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። ኩማ ክፉ ሰው አይደለም፤ መሄጃ አጥቶ ነው። እሱ ከታሰረና እኔ ውጭ ከቀረሁ፣ ሩሀማን ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ከአልጋ አነሣታለሁ። የጭነት መኪና ጎማ ሳነሣ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አትከብደኝም። እህቴ በሩን ትክፈትልኝ እንጂ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። ሲነበብ፣ ስለ 240 ሺህ ብሩ በተጻፈው መስመር ላይ "የተጠርጣሪው አካል ጉዳተኛ ልጅ ድርሻ" የሚል ሰማሁ። ስሟ እንዲጻፍልኝ ጠየቅሁ። መርማሪዋ ያንን ሰርዘው "የሩሀማ ኩማ ገንዘብ" ብለው ጻፉልኝ፤ በስርዙም ላይ ፈርሜበታለሁ። እኔ እስከማውቀው ስሟ ከገንዘቧ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬ ጠዋት የዋሸሁትንም በራሴ አንደበት አንስቻለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፊልሞን ሹራሞ
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ፦ ም/ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት ዳንጊሶ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 6፡10