የትርንጎ ክንድ

(ሕፃናት በሚለኩበት ዕለት ጠዋት፤ አንጓች ልጇን ትርንጎን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ቆማለች፤ ትርንጎን ክርስትና ያነሱት ጎረቤቷ እማማ ደብሪቱ ባዶ አንቀልባ ይዘው ከፊቷ ተገትረዋል።)

አንጓች፦ አልሰጥም አልኩዎት እኮ፣ አበልጄ። ዛሬ ትርንጎ የትም አትሄድም።

ደብሪቱ፦ ምን ላደርጋት መሰለሽ? ወንዙን ተሻግሬ፣ ጤና ኬላው ክንዷን አስለክቼ፣ የሚሰጡንን የለውዝ ቅባት ፓኬት ተቀብዬ ለምሳ አደርሳታለሁ። ሁልጊዜ እንደማደርገው።

አንጓች፦ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ስለሆነ ነው እንቢ ያልኩት። ባለፈው ስትመለስ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አላቀመሷትም።

ደብሪቱ፦ ጠጥታ እየተፍለቀለቀች ብትገባ ማን ያዝንላታል? የተራበ ልጅ የተራበ መምሰል አለበት። ደግሞ ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ነርሷ ሰው ፊት አቁማ፣ ይህን ልጅ አፈር ነው እንዴ የሚያበሉት ብላ ስትሞልጨኝ አንገቴን ደፍቼ ቻልኩ። አንቺ እቤትሽ ቁጭ ብለሽ ግማሹን ፓኬት ተቀበልሽ።

አንጓች፦ ግማሹን ደግሞ ለልጅ ልጅዎ ለጌጡ ወሰዱ። የእኔን ልጅ ፀጉር ላጭተው፣ ሱሪ አልብሰው፣ ጌጡ ነው ብለው ያስለካሉ፤ ጌጡ የለውዝ ቅባቱን እየላሰ ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፋ። የእኔን ድርሻ አባቷና ወንድሞቿ ይሻሙበታል። ለእሷ የሚደርሳት ባዶውን ፓኬት መላስ ነው።

ደብሪቱ፦ እሱን ለባልሽ ንገሪው። ይዘዋት ይሂዱልኝ ብለሽ ደጄን ያንኳኳሽው አንቺ ነሽ። መለኪያው ቀይ ካላሳየ አንዲት ፓኬት እንደማይሰጡ ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለ ቀጭን ክንድ በሰፈሩ አልነበረም፤ እኔ ባልቀድም ሌላ ሰው ይለምንሽ ነበር።

አንጓች፦ አሁን ትቆማለች።

ደብሪቱ፦ ማን?

አንጓች፦ ትርንጎ። ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት፣ ካስቀመጥኳት ቦታ እንደ ጆንያ የማትነቃነቅ ልጅ፣ ከሰሞኑ ምሰሶ ይዛ ቆመች። እንቁላል እየቀቀልኩ ጓዳ ደብቄ አበላታለሁ። አባቷ ዶሮዋ መጣል አቁማለች ብሎ ሊያርዳት ቢላዋ ይስላል።

ደብሪቱ፦ ቆማስ? ወዴት ልትሄድ ነው? ቤትሽ እህል ያለ ይመስል።

አንጓች፦ ወደ እኔ ነው የመጣችው። ጥቂት ተንገዳግዳ ወደቀች፤ ወድቃ ሳቀች። ሳቋን አላውቀውም ነበርና ደነገጥኩ።

ደብሪቱ፦ እስቲ ወዲህ በያት። ወይ ጉዴ፣ ይሄ ምን የሚሉት ክንድ ነው? አጥንቱ የት ገባ? አበላሸሻት እኮ፣ አንጓች።

አንጓች፦ ቀስ ብለው ይንኳት። ታለቅሳለች።

ደብሪቱ፦ ታልቅስ፤ ማልቀሷ ይጠቅመናል። ደግነቱ ገና ነው፤ ዛሬ ብትለካ ለጥቂትም ቢሆን ቀዩ ላይ ትቆማለች። የዛሬን ብቻ ስጪኝ። ከዛሬ ወዲያ ከፈለግሽ ዶሮዋን ከነላባዋ አብያት።

አንጓች፦ ምን አስቸኮልዎት? ሌላ ጊዜ እንቢ ስልዎት ሰድበውኝ ይሄዳሉ። ዛሬ ስድቡም እንደ ልማድዎ አልመጣልዎትም። ጌጡ የት አለ?

ደብሪቱ፦ ተኝቷል።

አንጓች፦ በዚህ ሰዓት? ከሰሞኑ ደጅ ሲሮጥም አላየሁት።

ደብሪቱ፦ ሆዱን አሞት ነው። ጥርስ ሊያበቅል ሲል የሚመጣው ተቅማጥ ነው።

አንጓች፦ ውሃ ይጠጣል?

ደብሪቱ፦ ባጠጣሁት ቁጥር ሲወርደው ጊዜ ከለከልኩት። ይደርቅለታል ብዬ።

አንጓች፦ ደረቀለት?

ደብሪቱ፦ እሱ ራሱ ደረቀ። አሁን ሳጥበው ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

አንጓች፦ እንግዲያው እኔ ደጅ ምን ያቆምዎታል? የሚለካ ልጅ እቤትዎ አለ። መላጨት የለ፣ ሱሪ ማልበስ የለ።

ደብሪቱ፦ ትናንት አዝዬው ሄጄ ነበር።

አንጓች፦ እና?

ደብሪቱ፦ ነርሷ ገልጣ አየችው። ጌጡን አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜ በእጄ ለክቼዋለሁ፣ ይህን ምስኪን ደግሞ ከማን ተውሰው መጡ አለችኝ። የእኔው ነው ብዬ ማልኩላት። መለኪያውን እንኳ አላነሳችለትም። ነገ እውነተኛውን ጌጡን ይዘው ይምጡ ብላ በሩን አሳየችኝ።

አንጓች፦ እውነተኛው ጌጡ ይቺ ናታ።

ደብሪቱ፦ አትሳቂብኝ።

አንጓች፦ አልሳቅሁም። እግሯ ላይ ወድቀው እውነቱን ይንገሯት።

ደብሪቱ፦ ታሳስረኛለች። ገበያ ዳር ወዳለው ጤና ኬላም እንዳልሄድ እዚያም ፊቴን ያውቁታል፤ ትርንጎን ይዤ ያልዞርኩበት በር የለም። አንጓች፣ ልጄ፣ የዛሬውን ሁሉንም ለእሱ ነው የማበላው። ክርስትና ያነሳሁልሽ እኔ አይደለሁም? እሱ ወንድሟ አይደለም?

አንጓች፦ ትርንጎ ከዚህ ደጃፍ አትወጣም። ጌጡን ያምጡልኝ። ገበያ ዳር እኔን የሚያውቀኝ የለም፤ የእኔ ልጅ ነው ብዬ አስለካዋለሁ።

ደብሪቱ፦ እግዜር ያክብርሽ፣ ልጄ። ውለታሽን...

አንጓች፦ አይመርቁኝ። አሁኑኑ ሄደው ውሃ ያጠጡት፤ መንገድ ላይ እንዳይሞትብኝ። የሚሰጡኝን ደግሞ ቀድማ ትርንጎ ትጠግብበታለች። ከእሷ የተረፈ ካለ ለእሱ አመጣለታለሁ።