መብራቱን ማን ሪፖርት አደረገ?

ከሪቻርድሰን ወደ ዳላስ በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ጠና ያሉ ሴትና አንድ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የሚተዋወቁ አይመስሉም።

«ያ አውሎ ነፋስ መብራቱን ከወሰደው ሦስት ቀኑ፤ ለፋሲካ ያስቀመጥኩት ዶሮ ፍሪዘር ውስጥ ሸተተ» አሉ ሴትየዋ።

«እኛም ጋ የለም። ማለቴ፣ በረዶው መኪናዬንም ቀጥቅጦታል።»

«እነዚህ የመብራት ሰዎች ግን ሙት ናቸው!»

«ሪፖርት አድርገዋል?»

«እኔ? ያ ሁሉ ጎረቤት እያለ? ለመሆኑ ሰፈርህ የት ነው?»

«ሌክ ሃይላንድስ፣ ኩሬው አጠገብ ያለው አፓርትመንት።»

«ውይ! እኔም እዚያው ነኝ። ታዲያ አንተስ ደወልክ?»

«ኖ፣ ምድር ቤት ያሉት ሀበሻ ማዘር ደውለዋል ብዬ...»

«ሀበሻዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«ኦ ማይ ጋድ! ሶ፣ ማንም አልደወለም?»

«እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የምትጠጣው አንተ! በል አሁኑኑ ደውል።»

«ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። የእርስዎስ?»

«በየትኛው መብራት ቻርጅ ላድርገው?»

ሁለቱም ዞር ዞር ብለው ሰዉን ሲቃኙ፣ እኔ ሙሉ ቻርጅ ያለውን ስልኬን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩ፣ መቼም አንድ ሰው ያውሳቸዋል ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።