የማላማ ገመና

መምህር ላፋኢ ሐሙስ ጠዋት ዝናብ ሸሽተው አፒያ ከተማ አውቶቡስ መጠለያ ሲገቡ፣ በመምህራን ኮሌጁ አብራቸው የምታስተምረውን ወጣቷን ፔላን አገኟት። ተማሪዎች የልባቸውን ለመምህራን የሚጽፉባቸውን ደብተሮች ቁልል ታቅፋለች።

«ጋሼ፣ ተማሪዎን ማላማን አጎቷ ከትምህርት አስወጣት፤ ሰምተዋል?»

«ምን አጥፍታ?»

«እሷማ ምን ታጠፋለች። የሞተች እናቴ ድምፅ ይሰማኛል ብላ በደብተሯ ለእርስዎ ብቻ ጻፈች። እርስዎ ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው በስሟ አስጸለዩላት። አሁን መንደሩ ሁሉ መንፈስ ይዟታል ይላል።»

ላፋኢ ከፋቸው። ሠላሳ ዓመት አስተምረው በልጅ እግር ሊወቀሱ! «ጸሎት ሐሜት ነው እንዴ፣ ልጄ? እኛ አገር የአንዱ ጭንቅ የሁሉም ጭንቅ ነው። ዝም ልበላት?»

«ዝም ይበሉ መች አልኩ። ‹ለማን ልንገርልሽ?› ብለው ቢጠይቋት ምን ነበረበት? ለሕይወቷ ቢሰጉ እንኳ ለሚረዳት ሰው ነው እንጂ ለምእመኑ ሁሉ አይነገርም። ሆድ ከአገር ይሰፋል ሲባል አልሰሙም?»

«ለደግ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው። እስቲ እነዚህን ይዩ። ትናንት የሰበሰብኳቸው ናቸው።»

ገጽ ሙሉ ይጽፉ የነበሩ ተማሪዎች ሁሉ አንድ መስመር ብቻ ጽፈዋል፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ላፋኢ አንዱን ገልጠው ሌላውን ገለጡ። ከእንግዲህ ማን እንደራበው፣ ማን ትምህርቱ እንደጨለመበት የሚነግራቸው የለም። አፈሩ፤ እውነትም የሚያሳፍር ነው።

«እንግዲያው እንደ አባቶቻችን የይቅርታ ወግ ሰሌን ተከናንቤ አጎቷ ደጅ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«መንደሩ ተሰብስቦ እያየ? ደግመው ሊያስወሩባት ነው፣ ጋሼ።»

ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ሄዱ። ማላማ ከአጎቷ ቤት ጀርባ ጎደሬ ትልጣለች።

«ይቅር በይኝ» አሏት። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለኝም።»

«እዚህ መምጣትዎን ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ባለቤትዎስ?»

«ለእሷም አልነገርኩ።»

የያዘችውን ጎደሬ ልጣ ጨረሰች። «ይቅር ብያለሁ። እመለሳለሁ ግን አልልዎትም።»

በማግስቱ ላፋኢ ለክፍሉ፣ «የምትጽፉት ሳላስፈቅዳችሁ ከእኔ አይወጣም» አሉ። ማንም አላመናቸውም። መታመን በአንድ እሑድ ይፈርሳል፤ ለመገንባት ግን ዓመትም ይፈጃል። ቢሆንም መምህር ገመና ከያዘ፣ ተማሪው ሳይወድቅ ይደርስለታል።

በሁለተኛው ወር አንድ ልጅ ሲያስለው ደም እንደሚተፋ ጻፈ። ላፋኢ ለብቻው ጠርተው፣ «ለማን ልንገርልህ?» አሉት።

«ለኮሌጁ ነርስ ብቻ።»

ለነርሷ ብቻ ነገሩ፤ ልጁም በጊዜ ታክሞ ዳነ። ማላማ ግን አልተመለሰችም።