ቀይዋ መኪና ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?

አቶ ገመዳ ሠላሳ አንድ ዓመት የሲሚንቶ መኪና ሲነዱ ዳገት ላይ ቸኩለው አያውቁም። ያን ቀን ግን፣ የሐምሌ ዝናብ መገናኛን ባጥለቀለቀበት ከሰዓት በኋላ፣ ልባቸው ከፒክአፓቸው ቀድሞ ይሮጥ ነበር። በማግስቱ አንዲት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣራዋ ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና የእሳቸው ልትሆን ነው። በስድሳ ሦስት ዓመታቸው! ባለቤታቸው ወይዘሮ አሳየች ነገሩን ሲሰሙ “ስትገባ አግዝሃለሁ፤ ስትወጣ ግን ጎረቤት እንጠራለን” ብለው ስቀውባቸዋል። ሳቁ ግን ቅዳሜ እንጦጦ እወስድሻለሁ እስኪሏቸው ድረስ ነበር።

በየካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ መካከል አንዲት ልጅ ፌስታል ራሷ ላይ አድርጋ ቆማ አዩ። የቀድሞ ጎረቤታቸው የሊሊሳ ልጅ ዳርቱ ናት። ጥሩንባ ነፉላት።

“ግቢ ልጄ! ወረፋው እስኪደርስሽ ትበሰብሻለሽ።”

“ጌታ ይባርክዎት ጋሼ ገመዳ፤ እግሬ ሊቆረጥ ነበር።”

ገባች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዳሽቦርዱን አንድ ጊዜ አየት አደረገችና፣ ፈገግ ብላ ዝም አለች። ዳርቱ የአውቶሞቲቭ ትምህርት ጨርሳ ሲግናል አካባቢ ባለ ጋራዥ ትሠራለች፤ ሥራዋም ያገለገለ መኪና የሚገዙ ሰዎች ከመፈራረማቸው በፊት መኪናውን መርምሮ እውነቱን መንገር ነው። አቶ ገመዳ ይህን ያውቃሉ። እያወቁ ነው እንግዲህ ደስታቸውን ሊደብቁ ያልቻሉት።

“ነገ የወዳጄን የጌድዮንን ቀይ መኪና ልወስድ ነው” አሉ። “እሱ ለችግኝ ጣቢያው ጭነት የሚያነሳ ይፈልጋል፤ ይቺን ፒክአፕ ከጭማሪ ገንዘብ ጋር ይወስዳል፣ እኔ ቀይዋን። በጸሎት ጀምረነዋል።”

“እንኳን ደስ ያለዎት! ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?”

“አርባ ስምንት ሺህ። ቆጣሪው ላይ በዓይኔ አይቻለሁ።”

“የስንት ዓመት መኪና ናት?”

“የአሥራ ሦስት። ጌድዮን ጋ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው።”

“በዓመት አራት ሺህ እንኳን አልሄደችም ማለት ነው። የስፖርት መኪና ገዝቶ ቤቱ የሚያስቀምጣት ማን ነው?”

“የሚወዳት ሰው ነዋ!”

“ይሆናል፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይጠፋም። ግን ጋሼ፣ ነገ ከመፈራረማችሁ በፊት እኔ ልያት?”

የአቶ ገመዳ ፊት ጠቆረ። “እንዴት ነው የምትዪው? ጌድዮንን እኮ ነው! ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነን አብረን አገልግለናል። ሆስፒታል ስተኛ አሥራ ሁለት ቀን ሾርባ ያመላለሰልኝ እሱ ነው። በጸሎት የጀመርነውን በመካኒክ ልጨርሰው? ውሸታም ነህ ማለት አይደለም እንዴ?”

እዚህ ላይ ለአቶ ገመዳ ጥቂት መከራከር ይገባል። በእነሱ ጉባኤ ወንድም ከወንድም ሲገበያይ እጅ ተጨባብጦ፣ ዓይን ተጨፍኖ “አሜን” ከተባለ በኋላ ጥያቄ የሚያነሳ የለም። ይህ ልማድ ከመልካም ልብ የመጣ ነው። ችግሩ ዓይኑን የሚጨፍነው ገዢው ብቻ ሳይሆን ሻጩም መሆኑ ነው።

ዳርቱ አልተቆጣችም። አሁን የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች በቆሙበት መሬት ላይ ድሮ የእሷም የእሳቸውም ቤተሰብ ገብስ ያርስ ነበርና፣ ነገሩን ከዚያ አመጣችው።

“አባቴ እንደሚለው ድሮ በዚህ አካባቢ ፈረስ የሚገዛ ሰው ሁሉ እርስዎን ይዞ ነበር የሚሄደው።”

“ይዞኝ ነው እንጂ!” አሉ፤ ፊታቸው ወዲያው ተፈታ። “ጥርሱን አይቼ ዕድሜውን እነግረዋለሁ። አንድ ዓመት አልስትም።”

“ሻጩ ዘመድዎ ሲሆንስ?”

“አባቴም ቢሆን አፉን እከፍታለሁ! የፈረሱን ማለቴ ነው።”

“አባትዎ አይቀየሙም?”

“ለምን ይቀየመኛል? የሚታየው ፈረሱ ነው እንጂ እሱን ማን...”

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

“አገኘሽኝ” አሉ።

“ላገኝዎት ብዬ አይደለም ጋሼ። ቁጥሩን የምጠይቀው ለኩራት አይደለም። የሞተሩ ቺንጋ፣ ውስጡን የምታዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ የምትቀየረው መቶ ሺህ ላይ ነው። ቆጣሪው አርባ ስምንት ሺህ እያለ ማን ይቀይራታል? ቁጥሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ግን ጊዜዋ አልፏል፤ ስትበጠስ ሞተሩ ባለበት ቀጥ ይላል። ቁልቁለት ላይ ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እኔ ለእርስዎ አልነግርም።”

መንገርም አላስፈለጋትም። ፍሬን እንደ ድንጋይ ሲጠነክር፣ መሪ አልዞር ሲል እግራቸውም እጃቸውም ያውቀዋል። እንጦጦን፣ ቅዳሜን፣ አጠገባቸው የምትቀመጠውን አሳየችን አሰቡ። የካ አባዶ ስትወርድ “ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አነሳሻለሁ፤ መሣሪያሽን ያዢ” አሏት።

በማግስቱ ከእንጦጦ ግርጌ ካለው የችግኝ ጣቢያ ሲደርሱ አቶ ጌድዮን ቀይዋን አጥበው እየጠበቁ ነበር። ዳርቱ መሣሪያዋን ስታወጣ አይተው ፈገግታቸው ጠፋ።

“ገመዳ፣ ከእኔ ጋር ነው ይሄ?”

አቶ ገመዳ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አፍረው ይመለሱ ነበር። አሁን ግን የወዳጃቸውን እጅ ያዙ። “አንተን አልጠረጠርኩም፤ መኪናዋን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የት እንደዋለች እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ። ፈረስ ቢሆን አፉን አልከፍትም ነበር?”

አቶ ጌድዮን ቁልፉን ለዳርቱ ሰጧት። ተቀይመዋል፤ ቅሬታቸውም ፊታቸው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዳርቱ በሩን ከፍታ አሳየቻቸው። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ለስልሷል፤ የመሪው ቆዳ ያብረቀርቃል፤ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ተሰነጣጥቋል። “እያንዳንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አርባ ስምንት ሺህ አይመስሉም።” የሞተሩን ኮፈን ከፈተች። ከባትሪው ጀርባ ዘይት ሲቀየር የተለጠፈ የደበዘዘ ወረቀት አገኘችና በጨርቅ ጠርጋ አነበበችው፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ። መሣሪያዋንም ከመሪው ሥር ሰካች።

“ኪሎ ሜትር የሚይዘው ዳሽቦርዱ ብቻ አይደለም፤ ማርሹን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርም ለራሱ ይመዘግባል። ቆጣሪውን የቀነሰው ሰው ይሄኛውን ረስቶታል። መቶ ሃምሳ ሰባት ሺህ ይላል።”

አቶ ጌድዮን የችግኝ ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ። “የሸጠልኝ ሰው እኮ እጄን ይዞ ጸልዮ ነው” አሉ። “አላየሁም። ማየት ነውር መሰለኝ።”

ዳርቱ የቺንጋዋን መሸፈኛ ፈትታ አሳየቻቸው። ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ፣ ጠርዙ ላይ ክር መምዘዝ ጀምሯል። አቶ ጌድዮን ክሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

“በየሳምንቱ ጸጋን ይዤ እንጦጦ እወጣለሁ” አሉ፤ ጸጋ የልጃቸው ልጅ ናት። “ነገም ለመሰናበቻ ካንተ ተውሻት ልንወጣ ነበር። ፊት ነው የማስቀምጣት።” ተነሥተው አቶ ገመዳን አቀፉ፤ ቅሬታቸው የት እንደገባ አልታወቀም። “ባታስከፍተኝ ኖሮ...”

“እኔ አይደለሁም፤ ልጅቷ ናት።”

“ሽማግሌ ሆነን ስንቱን ሰው እንዲህ ዓይኑን አስጨፍነን አገበያየነው?”

“ጸሎቱ አይቅር ጋሼ ጌድዮን” አለች ዳርቱ። “ምርመራው ብቻ ይቅደም። ታማኝ ሻጭ ለቃሉ ምስክር ያገኛል፤ እንደ እርስዎ የተታለለም የገዛ ቤተሰቡን ያድናል። ገዢው የሚቀየረውን ዕቃ ሳይበጠስ ይቀይራል። ወዳጆችም በኋላ እናንተ ዘንድ ለሽምግልና አይመጡም።”

ሁለቱም ተስማሙ። ቺንጋዋ ዛሬውኑ ትቀየራለች፤ እውነተኛው ቁጥር ውሉ ላይ ይጻፋል፤ ጭማሪውም መኪናዋ በሄደችው ርቀት ልክ ይቀነሳል። አቶ ገመዳ ቀይዋን አሁንም ይፈልጓታል። ብዙ መንገድ የሄደች አሮጊት መሆኗን ካወቁ ወዲህ እንዲያውም ባሰባቸው።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ለጸሎት አንገታቸውን ደፉ። አቶ ጌድዮን “አባታችን ሆይ” ብለው ሲጀምሩ አቶ ገመዳ ዓይናቸው አልጨፈን አለ።

“ቆይ ጌድዮን፣ አሜን ሳንል። የእኔ ፒክአፕ ቆጣሪ ከቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። ስንት እንደሄደች አላውቅም።”

ዳርቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። “እኔማ ትናንት ስገባ አይቼዋለሁ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“እስኪነግሯቸው እየጠበቅኩ ነበር።”

አቶ ጌድዮን ወዳጃቸውን፣ ቀጥሎም ፒክአፗን ተመለከቱ። “እንግዲህ ኮፈኑን ክፈተው” አሉ።

አቶ ገመዳ ሄደው ኮፈኑን በገዛ እጃቸው ከፈቱት።